ውዳሴ ፓውዛ

የጃፓን መሐንዲሶች ስስታም ናቸው። ስንት ዘመን መኪና ሲሠሩ ኖረው ለአንድ አይሱዙ የቸሩት ሁለት የፊት መብራት ብቻ ነው። ከጉንደ ወይን 50 ኩንታል ጤፍ ጭኖ፣ በደብረ ወርቅና በብቸና አድርጎ፣ ደጀን ሲደርስ ቁልቁል ወደ ዓባይ በረሃ ለሚወርድ መኪና ሁለት መብራት! ለእነዚያም ለሁለቱ ቀጭን ሽቦና ትንሽ ፊውዝ ሰጥተው "ይበቃል" አሉና ወደብ ላይ አራገፉልን።

ደግነቱ እኛ አለን። ጃፓን የረሳውን ጉንደ ወይን ይሞላዋል።

አዲስ መኪና የገዛ ሰው መጀመሪያ ጠበል ያስረጫል፤ ቀጥሎ መብራት ያስጨምራል። ጠበሉ መኪናውን ከክፉ እንዲጠብቅ ነው፤ መብራቱ ደግሞ ጠበሉ ሥራ እንዳይፈታ። ባለንብረቱ አዲስ አበባ እህል አራግፎ ሲመለስ ሶማሌ ተራ ጎራ ይልና አራት ፓውዛ፣ ከጋቢናው አናት ከዳር እስከ ዳር የሚዘረጋ ረጅም የኤል ኢ ዲ መደዳ፣ ለስፖንዳው ሥር አረንጓዴ ቢጫ ቀይ የሚል ሪባን፣ ለመስተዋቱ ሰማያዊ፣ ለፓራውልቱ ወይን ጠጅ፣ በላዩ ላይ ደግሞ ሦስት ዓይነት ድምፅ የሚያወጣ ክላክስ ገዝቶ ይመጣል። የጸጥታው ነገር የሌሊቱን ጉዞ ባሳጠረበት በዚህ ጊዜ እንኳ የፓውዛው ፍላጎት አልተኛም። መኪናው ከመሸ እንደ ልብ አይነዳም እንጂ ከመሸ ቆሞ መታየት ማን ይከለክለዋል?

አሁን ወደ ሒሳቡ እንግባ፤ የጃፓኖቹ ንፉግነት የሚጋለጠው በሒሳብ ነውና። አንድ ባለ 24 ቮልት የፊት አምፖል 70 ዋት ገደማ ይበላል። ሁለቱ 140 ዋት ናቸው። ለ24 ሲካፈል ስድስት አምፔር አይሞላም። ስለዚህ ሰዎቹ ሽቦውንም ፊውዙንም ማብሪያውንም የሰፉት ለስድስት አምፔርና ከዚያ ትንሽ ለሚበልጥ ነው። እኛ ከዚያው ሽቦ ላይ አራት ባለ 100 ዋት ፓውዛ እንቀጥላለን። ድምሩ 540 ዋት፣ ማለትም ሃያ ሁለት ተኩል አምፔር ይሆናል። ቁልፉ ሲጫን ፊውዙ ጠስ ብሎ ይሞታል።

ፊውዝ፣ የጥንት ሾፌሮች ባልቦላ የሚሉት፣ ከመኪና ዕቃዎች ሁሉ እጅግ ፈሪው ነው። የተሠራው ለመሞት ነው፤ ሽቦው ከመጋሉ በፊት እሱ ቀድሞ ይቃጠልና መኪናውን ያተርፋል። እኛ ደግሞ ፈሪ አንወድም። 15 አምፔሩ ሲቃጠል 20፣ 20ው ሲቃጠል 30 ይገባል፤ 30ው ሲቃጠል ረዳቱ የሲጋራ ፓኮ ይጠየቃል። ከውስጡ ያለው ብርማ ወረቀት ይጠቀለላል፣ ከፊውዙ ቤት ይሰካል፣ ፓውዛው ቦግ ይላል። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ መኪናው ፊውዝ የለውም ማለት ግን ሐሜት ነው። አለው። ፊውዙ ሽቦው ራሱ ነው፤ ርዝመቱም ከክሩስኮት ሥር እስከ ፓራውልት ይደርሳል። ሲቃጠል ደግሞ ከነጋቢናው ነው።

ሽቦው ሳይቃጠል ቢቀር እንኳ የጥበቡ ፍሬ አይጠፋም። በቀጭን ሽቦ ላይ ብዙ ከረንት ሲጫን ከባትሪው የተነሳው ቮልት መንገድ ላይ ይባክናል፤ ሽቦው ይሞቅበታል፣ የማብሪያው ጥርስ ይበላዋል፣ አምፖሉ ዘንድ የሚደርሰው ቅሪቱ ነው። አምፖል ደግሞ ቂመኛ ነው፤ ቮልቱ በ10 ከመቶ ቢጎድልበት ብርሃኑን በ10 ከመቶ አይቀንስም፣ 30 ከመቶ ያህሉን ይነፍጋል። በሌላ አነጋገር ፓውዛ ስንጨምር የፊት መብራቱ ይደክማል። የፊት መብራቱ ሲደክም "ይሄ መብራት አያሳይም" እንላለን። አያሳይም ስንል ሌላ ፓውዛ እንጨምራለን። በዓለም ላይ ጨለማን በብርሃን ማምረት የቻለ ሕዝብ ሌላ ካለ ይነገረን።

የአቀጣጠሉን ሙያ ያላየ ሰው አየሁ አይበል። ባለሙያው በጀርባው ይተኛና ከጋቢናው ሥር ይገባል። የፊት መብራቱን ሽቦ በጣቱ ያገኘዋል፤ ላስቲኩን በጥርሱ ይልጠዋል፤ አዲሱን ሽቦ አምጥቶ ሁለት ዙር ይጠመዝዝበታል፤ ናስትሮ ይጠቀልልበትና መጨረሻውን በአውራ ጣቱ ጫን ያደርጋል። አለቀ። ብየዳ የለ፣ መያዣ የለ፣ ሪሌ የለ። መኪናው ከጉንደ ወይን ብርድ ተነስቶ ከሺህ ሜትር በላይ ወርዶ ዓባይ ድልድይ ሲደርስ፣ የናስትሮው ሙጫ በሙቀቱ ይቀልጥና ጫፉ ይላቀቃል። ጎሐ ጽዮን ወጥቶ ተመልሶ ሲመጣ የክረምቱ ጭቃ ይረጭበታል። ከሁለት ክረምት በኋላ ያንን መጋጠሚያ ፈትቶ ያየ ሰው መዳቡ አረንጓዴ ዱቄት ሆኖ ያገኘዋል፤ ከመዳብነቱ የቀረው ስሙ ነው።

ማሳውም የዚያው ቤት ልጅ ነው። ወደ መብራቱ የሄደው ከረንት ወደ ባትሪው መመለሻ ይፈልጋል፤ መመለሻው ብረቱ፣ ሻንሲው ነው። የኛ ባለሙያ የፓውዛውን ማሳ በቀለም በተለበጠ ብሎን ላይ ያስረዋል። ቀለም ከረንት አያስተላልፍም፤ ከረንቱ ግን ቤቱ መግባቱ አይቀርምና በጎረቤት በር ይዞራል። ረጅም መብራት ሲበራ ፍሬቻው ደብዘዝ ብሎ ይበራል፤ ፍሬን ሲረገጥ የኋላው መብራት ይጠፋል፤ ክላክስ ሲነፋ ክሩስኮቱ ይንቀጠቀጣል። ዲማ ጊዮርጊስ ከዚህ ሩቅ አይደለም፤ ዕድሜ ልካቸውን ቅኔ የፈቱ መምህራን ያሉበት አገር ነው። ከአንዱ አይሱዙ ክሩስኮት ሥር ያለውን የሽቦ ቁጥርጥር አምጥቶ "ይፍቱልኝ" የሚላቸው ደፋር ግን እስካሁን አልተነሳም። ቢነሳ፣ ባለቅኔው ሞቷል፣ ምሥጢሩን ይዞት ሄዷል ይሉታል ብዬ እጠረጥራለሁ።

ፍሬቻውን በኤል ኢ ዲ የቀየሩትንም ሳላመሰግን አላልፍም። ብልጭ ድርግም የሚያደርገው ዕቃ አምፖሉ የሚበላውን ከረንት ይለካል፤ ኤል ኢ ዲው ጥቂት ስለሚበላ አምፖል የተቃጠለ ይመስለውና ይጣደፋል። ይህንን ጥድፊያ የሞተር ጉልበት አድርገው የሚቆጥሩ ሾፌሮች አሉ።

ከሁሉ የሚልቀው ግን የቴፑ ጥበብ ነው። አይሱዙ ሁለት ባለ 12 ቮልት ባትሪ አለው፤ ተከታትለው ታስረው 24 ይሰጡታል። ገበያ ላይ ያለው ቴፕ፣ አምፕሊፋየርና የስልክ ቻርጀር አብዛኛው ለትንሽ መኪና የተሠራ ባለ 12 ነው። 24ቱን ወደ 12 የሚያወርድ መቀነሻ ሱቅ ውስጥ ይሸጣል። ግን ለማይዘፍን ዕቃ ማን ገንዘብ ያወጣል? ከሁለቱ ባትሪ መሀል አንዲት ሽቦ ይጎትታል፤ ከአንደኛው ባትሪ ብቻ 12ቱን ይወስዳል፤ ቴፑም መዝፈን ይጀምራል። ዲናሞው ይህን አያውቅም። እሱ ሁለቱን እንደ አንድ ነው የሚያያቸው፤ 28 ቮልት ገደማ ይልክና በመሀላቸው እንዲካፈሉት ይተዋል። ቀን ከሌት የሚታለበው ባትሪ ሁልጊዜ ጎዶሎ ነው። ያልተነካው ደግሞ ከድርሻው በላይ ይጎነጫል፤ ይፈላል፣ ውሃው ይተንናል፣ ሳህኖቹ ይራቆታሉ። አንዱ በረሃብ፣ ሌላው በቁንጣን ይሞታሉ። ባለንብረቱ ሁለቱንም አንድ ላይ ይቀብርና "የዘንድሮ ባትሪ ዕድሜ የለውም" ይላል። ሾፌሩም ብልሃት አያጣም፤ ጠዋት ሞተሪኖው ጭጭ እንዳይልበት መኪናውን ሁልጊዜ ቁልቁለት ፈልጎ ያሳድረዋል። ጎጃም ውስጥ ቁልቁለት አይጠፋም፤ እግዜር ለአይሱዙ አስቦ ያዘጋጀው ይመስላል።

እንግዲህ አንድ ቀን የፊት መብራቱ ይጠፋል። ሾፌሩ ማታ አንድ ዓይና ሆኖ ጉንደ ወይን ይገባል፤ ጠዋት ባለሙያው ዘንድ ይቆማል።

"ባለሙያው፣ የግራው መብራት ጠፋብኝ።"

"አምፖል ነዋ።"

አምፖል ይቀየራል። ደብረ ወርቅ ሳይደርስ ይጠፋል። ሲመለስ፣

"እንግዲያ ባትሪው ደክሟል።"

ባትሪ ይገዛል። ለሳምንት ይበራና ይደበዝዛል።

"ዲናሞው አይሞላም ማለት ነው።"

ሾፌሩ ስልኩን አውጥቶ ባለንብረቱ ዘንድ ይደውላል። "ጋሼ፣ ዲናሞው ነው አሉ።"

"ባለፈው ወር ዲናሞ አልገዛንም እንዴ አንተ ልጅ?"

"ባለፈው የሞተው አሮጌው ነበር ጋሼ፤ አሁን የሞተው አዲሱ ነው።"

ዲናሞ ይገዛል፣ ማብሪያ ይገዛል፣ አንዳንዴም የፊት መብራቱ ከነመስታወቱ ይገዛል። ሁሉም አልሆን ሲል የመጨረሻው ፍርድ ይሰጣል፤ ዕቃው ቻይና ነው። ቡዳ በልቶት ይሆናል የሚሉም አሉ፤ ስምንት መብራት የተሰቀለበትን መኪና ዓይን ቢበላው አይፈረድበትም። በዚህ ሁሉ ምርመራ ማንም እጁን ያላሳረፈበት ነገር ቢኖር ፓውዛው ነው። ሾፌሩ ምን እንደተጨመረ አይናገርም፤ ባለሙያውም አይጠይቅም። መጠየቁ ነውር ነው፤ የጨመረው እሱ ራሱ ነዋ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚለው ተረት ለሰው የተተረተ ነው፤ አይሱዙ ላይ በሽታውን የሚደብቁት ሐኪሙና አስታማሚው ተማክረው ነው።

በየከተማው ግን አንድ አፍራሽ ሰው አይጠፋም። ብዙ ጊዜ በዕድሜ የገፋ፣ ዘይት የጠገበ ካፖርት የለበሰ፣ ኪሱ ውስጥ ሁለት ሽቦ የበቀለባት ትንሽ አምፖልና የተሰነጠቀ ቴስተር የያዘ ነው። መብራት ጠፋ ብለህ ብትሄድበት አምፖል አይሸጥልህም፤ መጀመሪያ የሚጠይቅህ "ከፋብሪካ ከወጣ በኋላ ምን ምን ጨመራችሁበት?" ብሎ ነው። የሰው ገመና እንዲህ በአደባባይ ይጠየቃል? ቀጥሎ የተጨመረውን ሁሉ ይነቅልልሃል፤ ፓውዛውን፣ ሪባኑን፣ የቴፑን ሽቦ። መኪናው የተወለደ ዕለት እንደነበረው ራቁቱን ይቀራል። ከዚያ መለካት ይጀምራል። ሞተሩ ጠፍቶ ባትሪዎቹ ላይ 25 ቮልት ከምናምን፣ ሲነሳ ከ27 እስከ 28 ከምናምን መኖሩን ያያል፤ ይህ ካለ ዲናሞውን ይተወዋል፤ ለሻጩ አያዝንለትም። ሁለቱን ባትሪ ደግሞ ለየብቻ ይለካል፤ አንዱ 12.6 ሌላው 11.9 ሆኖ ሲያገኝ ወደ ቴፑ ዞር ብሎ ያያል፣ ምንም አይልም። መብራቱን አብርቶ አምፖሉ ሶኬት ላይ ይለካል፤ እዚያ የሚደርሰው ከባትሪው በሁለትና በሦስት ቮልት ካነሰ ሌባው መንገድ ላይ ነው። ለይቶ ለመያዝ አንዱን የቴስተር ጫፍ አምፖሉ ማሳ ላይ፣ ሌላውን ባትሪው ነጋቲቭ ላይ ያኖራል፤ ግማሽ ቮልት እንኳ ካሳየ ማሳውን ፈትቶ ብረቱን በብርጭቆ ወረቀት እስኪያንጸባርቅ ይፈገፍጋል። ፊውዝ ቤቱ ውስጥ የሲጋራ ወረቀት ሲያገኝ በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ ለባለንብረቱ ያሳየዋል። ይህ ሁሉ ዕቃ ሳይሸጥ ነው! እንዲህ ያለ ሰው ባለበት ከተማ የመለዋወጫ ሱቅ በምን ይተዳደራል?

አልፎ ተርፎ ምክር ይሰጣል። ፓውዛ የግድ ካልክ፣ ይላል፣ ከባትሪው ቀጥታ ወፍራም ሽቦ ጎትት፤ ባትሪው አጠገብ የራሱን ፊውዝ አስገባ፤ መሀል ሪሌ አኑር። ሪሌ ማለት ትንሿ ከረንት ስታዝዛት ትልቁን ከረንት የምታሳልፍ ትንሽ ሳጥን ናት፤ የመኪናው ማብሪያ ሸክሙን ሳይነካው ትእዛዝ ብቻ ያስተላልፋል። ዋጋዋ ከአንዱ ፓውዛ ያንሳል። ችግሯ አለመታየቷ ነው። ማታ ከሩቅ ሆኖ "እዩት የእገሌን ሪሌ!" ያለ ሰው ተሰምቶ አይታወቅም።

የብርሃኑን አረጫጨት ሳናነሳ ብንቀር ውዳሴው ጎዶሎ ይሆናል። ኤች ፎር የሚባለው ባለ ሁለት ክር አምፖል በፈረንጆቹ 1971 ሲወጣ፣ ከአጭሩ መብራት ክር ሥር ትንሽ የብረት ማንኪያ ተደርጎለት ነበር፤ ብርሃኑ ወደ መንገዱ እንጂ ወደ መጪው ሰው ዓይን እንዳይወጣ። የኛ ሰው ይህን አምፖል አውጥቶ "ዜኖን" ይተክልበታል፤ ማንኪያም የለው፣ ብርሃኑ የሚነሳበት ነጥብም ከሳህኑ ጋር አይገጥም፤ ስለዚህ ግማሹ ወደ ሰማይ ነው። ክረምት ላይ የጮቄ ጉም ወርዶ መንገዱን ሲያለብሰው፣ ከጋቢናው አናት የተለቀቀው ያ ሁሉ ብርሃን ከጉሙ ላይ ነጥሮ ወደ ሾፌሩ ዓይን ይመለሳል። ነጭ ግድግዳ እያየ ይነዳል። የጉም መብራት ከታች፣ ከፓራውልቱ ሥር የሚሰካው ለምን እንደሆነ ፋብሪካዎቹ ቢያውቁም፣ ከታች ከሆነ ማን ያየዋል?

ከፊት የሚመጣውስ? በ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የሚሄድ መኪና በሴኮንድ ወደ 17 ሜትር ይሄዳል። ዓይኑ በፓውዛ የተመታ ሾፌር ለሦስት ሴኮንድ ቢታወር 50 ሜትር በእምነት ነዳ ማለት ነው። በዚያ 50 ሜትር ውስጥ ከገበያ የመሸበት ገበሬ አህያውን እየነዳ የአስፋልቱን ጠርዝ ይዞ ይሄዳል። አህያዋ የኋላ መብራት የላትም፤ እሷንም ወደ ሶማሌ ተራ የሚወስዳት አልተገኘም። የተመታውም ሾፌር ዝም አይልም፤ የራሱን መደዳ ይለቅቃል። ሁለቱ ተያይተው ሳይሆን ተጋርደው ይተላለፋሉ። ሕዝቡ አይሱዙን "አልቃይዳ"፣ ሲኖ ትራክን "ቀይ ሽብር" ብሎ የሰየመው በቀልዱ ብዛት ብቻ እንዳልሆነ ያኔ ይገባል።

መንግሥት ይህን አያይም እንዳይባል በዓመት አንድ ጊዜ ያያል። በአዋጅ ቁጥር 681/2002 መሠረት መኪና ለምርመራ ይቀርባል፤ ቦሎ ይለጠፍለታል። ለቦሎው ዋዜማ ፓውዛው ይወርዳል፣ ሪባኑ ይገፈፋል፣ ያልተቃጠለ አምፖል ከጓደኛ መኪና በውሰት ይመጣል። ቦሎው በተለጠፈ ማግስት ሁሉም ወደ ቦታው ይመለሳል። እያንዳንዱ መውረድና መውጣት ሁለት ሦስት የተቆረጠ ሽቦ ትቶ ያልፋል፤ ከክሩስኮቱ ሥር ተንጠልጥለው የሚቀሩት እነዚያ ናቸው። ስንት ቦሎ እንደለጠፈ በሽቦው ጫፍ መቁጠር ይቻላል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ኤንትሬ የሚባል የፊያት መኪና ነበር። ከነተሳቢው ዓባይ በረሃን ይወርድ ይወጣ ነበር፤ ያውም ዛሬ ባለው አስፋልት አይደለም፣ የጃፓን መንግሥት ያሠራልን አዲሱ ድልድይም ገና ሳይታሰብ። የእነዚያን ሾፌሮች ገድል የሚያወራ ሽማግሌ ዛሬም አይጠፋም፤ በሁለት መብራት እንዴት ያዩ እንደነበር ግን አይነግረንም። ምናልባት መስታወቱን ይወለውሉት ይሆናል። አቧራና ጭቃ የተለጠፈበትን የመብራት መስታወት በእርጥብ ጨርቅ ማጽዳት ዛሬ የተረሳ የረዳት ሥራ ነው፤ ምንም የማይጨምር ሥራ ስለሆነ።

አንድ ነገር ግን ለሾፌሩ ልፍረድለት። ከሰው ለመብለጥ ብሎ ብቻ አይደለም መብራት የሚጨምረው። በብዙ ቦታ መንገዱ መሀሉን የሚያሳይ ነጭ መስመር የለውም፣ ጠርዙን የሚያሳይ ምልክት የለውም፣ ከብት በፈለገው ሰዓት ይሻገራል። የሚገዛው አምፖልም ላዩ ላይ 70 ዋት ተጽፎበት በሳምንቱ የሚጠቁር ነው። ማየት ፈልጎ ነው። ማየት የፈለገን ሰው ይዞ ሽቦ በጥርሱ የሚልጥ ዘንድ የሚወስደው፣ ከዚያም ዲናሞ የሚሸጥለት፣ ከዚያም ባትሪ የሚሸጥለት ሰንሰለት ነው እኔን የሚያስቀናኝ። ሲያጌጡ ይመላለጡ የተባለው ለዚህ ሳይሆን አይቀርም፤ የሚላጠው ግን ሽቦው ብቻ መስሎን ነበር።

ያ አፍራሽ ሽማግሌ አንዱን አይሱዙ እንዲህ ነቅሎ፣ ማሳውን ፈግፍጎ፣ ፊውዙን በ15 መልሶ፣ ሁለቱን የጃፓን መብራት ሲያበራ ግድግዳው ላይ ሁለት ነጭ ክብ ወጣ። ሾፌሩ ራቅ ብሎ፣ ቀረብ ብሎ አየው። "እንዲህ ያበራል እንዴ ይሄ ነገር?" አለ። የተነቀለውን ፓውዛና ሽቦ በማዳበሪያ ጠቅልሎ ጋቢና ውስጥ ወረወረው፣ የሽማግሌውን ሒሳብ ከፈለ፣ ሞተሩን አስነሳ። ከዚያ አንገቱን በመስኮቱ አወጣ።

"አባ፣ አሁን እኮ ከረንቱ ተረፈ። ከላይ አንድ መደዳ ብናስገባበትስ?"